«ሲያድግ ይተወዋል» የተባለው የልጅ ጆሮ

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከምሥራቅ ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ወንዱ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። ገና 2 ዓመት ሳይሞላው ጀምሮ ግራ ጆሮው ይመግላል። አንድ ወር ይደርቅና መልሶ ይፈሳል። ክረምት ሲገባ ይብስበታል። ጤና ጣቢያ 4 ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጡን፤ ሲጨርስ ይመለሳል። እናቴ ጤና አዳም ጨምቀው በዘይት ያንጠባጥቡለታል። ዘንድሮ ደግሞ መምህሩ ‹ልጅሽ ሲጠሩት አይሰማም፣ ይፈዛል› አለኝ። ታናሽ እህቱ 4 ዓመቷ ነው። እሷም አፏን ከፍታ ነው የምትተኛው፤ ታንኮራፋለች። እንጥሏን አስቆርጫት ይሉኛል። ስለ ልጁ ግን ሰው ሁሉ ‹ሲያድግ ይተወዋል› ይላል። እውነት ይተወዋል? ስፔሻሊስት ዘንድ ልሂድ ወይስ ልጠብቅ? ባሕር ዳር ድረስ መንገዱም ገንዘቡም ከባድ ነው።»

እህቴ፣ መጠበቁ ይብቃ። ልጁ በጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ስፔሻሊስት መታየት አለበት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ረጅም መልስ ስለሆነ መሀል ላይ እንዳይጠፋብሽ ነው። ዛሬ ሌሊት መኪና ፈልጊ ማለቴ ግን አይደለም። እስክትሄዱ ድረስ ቤት ውስጥ የምትሠሪው ብዙ ነገር አለ፤ እሱንም በደንብ ነው የምነግርሽ።

ሌሊትም ቢሆን የሚያስሮጥ ነገር ግን አለ። ከጆሮው ጀርባ ያለው አጥንት ላይ ካበጠ፣ ቀልቶ ሲነኩት ካመመው፣ ወይም ጆሮው ወደ ፊት ተገፍቶ ከቆመ። ፊቱ ወደ አንድ ወገን ከተጣመመ ወይም አንድ ዓይኑ አልከደን ካለ። ቤቱ ይዞርብኛል ብሎ መቆም ካቃተው። ትኩሳት ይዞት ብርቱ ራስ ምታት ካለው፣ ካስመለሰው፣ አንገቱ ከተገተረ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ካንቀጠቀጠው። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ቅርብ ወደሆነው ሆስፒታል በዚያው ሰዓት ነው የምትሄጂው። ቀጠሮም ወረፋም የለውም።

እንዲህ አጥብቄ የምጽፈው ያየሁት ስላለ ነው። አንድ የ11 ዓመት ልጅ ከጆሮው ጀርባ ካበጠ በአራተኛ ቀኑ መጣ። ጆሮው 6 ዓመት ሲመግል ኖሯል። እብጠቱን ብጉንጅ ነው ብለው ቅጠል አድርገውበት ነበር። መግሉ ግን አጥንቱን በልቶ ወደ ውስጥ ሄዷል። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነም። የፊቱ ነርቭ ተነክቶ ስለነበር ግን ዛሬም ሲስቅ አንዱ የከንፈሩ ጫፍ አብሮ አይነሳም። እናቱ «ሲያድግ ይተወዋል ብለውኝ» ነበር ያለችኝ። ያንቺን ጥያቄ ሳነብ የታወሰችኝ እሷ ናት።

ይህ አባባል ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ግማሹ እውነት ነው። ከጆሮ ውስጥ ተነስቶ ከአፍንጫ ጀርባ የሚወጣ ቀጭን ቱቦ አለ። አውራ ጎዳና ቁልቁል ስንወርድ ጆሯችን ድፍን ብሎ ምራቅ ስንውጥ «ጧ» ብሎ የሚከፈተው እሱ ነው። ደጀን ላይ ሆነሽ ወደ አባይ በረሃ ወርደሽ ከሆነ ታውቂዋለሽ። ይህ ቱቦ በልጅ ላይ አጭርና አግድም የተኛ ነው። ስለዚህ ጉንፋን ሲይዘው የአፍንጫው ነገር ቶሎ ወደ ጆሮው ያልፋል። ቱቦው ያብጥና ይዘጋል፤ ከታምቡሩ፣ ማለትም ጆሮ ውስጥ ካለው ስስ ሽፋን፣ ጀርባ ፈሳሽ ይጠራቀማል፤ ፈሳሹ ይመግላል። ልጁ ሌሊቱን ጆሮውን ይዞ ሲያለቅስ ያድራል። ሊነጋ ሲል ታምቡሩ ይቀደድና መግሉ ይወጣል። ሕመሙ ወዲያው ይቀንሳል፤ ልጁም ይተኛል። እናትም «ተመስገን፣ ፈሶ ወጣለት» ትላለች።

ልጅ ሲያድግ ቱቦው ይረዝማል፣ ይሰፋል፣ ተዳፋትም ይሆናል። በዚህ ምክንያት እንዲህ ያለው የጆሮ ሕመም ከዕድሜ ጋር እየቀነሰ ይሄዳል። የተቀደደውም ታምቡር አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይገጥማል። ሰዎች «ሲያድግ ተወው» ብለው የሚያስታውሱት እነዚህን ልጆች ነው።

ያንቺ ልጅ ግን ከዚያ መስመር ወጥቷል። 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ የፈሰሰ ጆሮ ሥር የሰደደ ሕመም ነው ተብሎ ነው የሚታከመው። የእሱ 5 ዓመት አልፎታል። እንዲህ ያለው የታምቡር ቀዳዳ ጠርዙ ዙሪያውን ቆዳ ይለብሳል፤ ቆዳ የለበሰ ጠርዝ ደግሞ ልጁ ስላደገ ብቻ አይገጥምም። በሩ ክፍት ስለሆነ ውሃ በገባ ቁጥር፣ ጉንፋን በያዘው ቁጥር መግሉ ይመለሳል። ክረምት የሚብስበትም ለዚህ ነው፤ ጉንፋኑም እርጥበቱም አንድ ላይ ይመጣሉ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። 4 ጊዜ የሚዋጥ ተሰጥቶት አለመዳኑ አንቺም ሆንሽ ልጁ ያጠፋችሁት ነገር ኖሮ አይደለም። ለአዲስ የጆሮ ሕመም አሞክሳሲሊን ጥሩ መድኃኒት ነው። ሥር በሰደደው ጆሮ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት ሌሎች ተሐዋስያን ናቸው። አንዱ ሱዶሞናስ ይባላል። እርጥብ ቦታ ይወዳል፤ አሞክሳሲሊን ምንም አያደርገውም። በዚያ ላይ በአፍ የተዋጠ መድኃኒት በደም ዞሮ እዚያ መግል ውስጥ የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ነው። ለዚህ ጆሮ የሚሻለው በቀጥታ እዚያው የሚጨመር ጠብታ ነው። ጠብታው ደግሞ መግል ላይ ከተጨመረ ከመግሉ ጋር ተመልሶ ይፈሳል። መጀመሪያ ጆሮው ይድረቅ። ጠብታ አዝዘው ማድረቁን ሳያሳዩ የሚሸኙ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔም ጀማሪ ሳለሁ አድርጌዋለሁ። እናቲቱ በሳምንቷ ልጁን እዚያው እንደነበረ ይዛ ስትመለስ ነው የገባኝ።

ማድረቁን እንዲህ ነው የምትሠሪው። እጅሽን በሳሙና ታጠቢ። ከነጠላ ወይም ከአሮጌ አንሶላ ላይ ንጹሕ፣ ውሃ የሚመጥ ስስ ጨርቅ ቅደጂ፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ ይሁን። ናይለን አይሆንም፤ አይመጥም። ጠንከር ያለ ሶፍትም ይሆናል፤ ስስ ሶፍት ግን ውስጥ እየተቆረጠ ይቀራል። ጨርቁን በጣትሽ ጠቅልለሽ እንደ ጧፍ ክር ሹል አድርጊው። እንጨት አታስገቢበት፤ ጨርቁ ብቻ ነው። ልጁን ጭንሽ ላይ በጎኑ አስተኚው። ጆሮውን በቀስታ ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጊለት፤ ቀዳዳው ቀጥ ይልልሻል። ከዚያ ጨርቁን ልጁን እስከማያመው ድረስ ብቻ አስገብተሽ እዚያው ተይው። አትጥረጊ፣ አታሽከርክሪ። ለአንድ ደቂቃ ያህል ጠብቂ። ሲወጣ ጫፉ ቢጫ ሆኖ ረጥቦ ታገኚዋለሽ። እሱን ጣይና አዲስ አስገቢ። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ደረቅ ሆኖ ይወጣል። ያን ጊዜ ጆሮው ለዚያ ሰዓት ደርቋል ማለት ነው።

ይህንን በቀን ቢያንስ 3 ጊዜ ታደርጊዋለሽ፤ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ። አሰልቺ ነው፣ አውቃለሁ። እርሻም ቤትም ያለባት እናት ናት የምታነበኝ። ግን ማድረቁ ራሱ ሕክምና ነው። መድኃኒት ቤት ውስጥ የሚሸጥ ምንም ነገር አይተካውም።

ከደረቀ በኋላ ጠብታው ይጨመራል። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ታምቡሩ ቀዳዳ እንዳለውና ለዓመታት እንደመገለ በግልጽ ንገሪያቸው። ለእንዲህ ያለ ጆሮ የሚመረጠው እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ ጠብታ ነው። ብዙ ጊዜ ለ2 ሳምንት ይታዘዛል፤ ስንት ጠብታ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ያዘዘልሽ ባለሙያ ይነግርሻል። ጠርሙሱ ላይ «ለዓይን» የሚል ብታዪ አትደንግጪ፤ የዓይኑን ለጆሮ ማዘዝ የተለመደ ነው። የጆሮውን ግን ዓይን ውስጥ ማድረግ አይቻልም። ጄንታማይሲን ወይም ኒኦማይሲን ያለበትን ጠብታ ግን ቀዳዳ ላለው ታምቡር ባይሆን ይሻላል፤ ወደ ውስጠኛው ጆሮ ካለፈ የመስሚያውን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል። «ሌላ የለም ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ጠብታውን ከመጨመርሽ በፊት ጠርሙሱን እጅሽ ውስጥ ጨብጠሽ ጥቂት ደቂቃ አሙቂው። ቀዝቃዛ ጠብታ ልጁን ያዞረዋል፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጠርሙሱን ሲያይ ይሸሻል። ከጨመርሽ በኋላ የጆሮው ቀዳዳ ፊት ላይ ያለችውን ትንሽ ለስላሳ አጥንት በጣትሽ አራት አምስት ጊዜ ጫን ለቀቅ አድርጊያት። እንደ ወናፍ ገፍታ መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ታሳልፈዋለች። ከዚያ 5 ደቂቃ በጎኑ ተኝቶ ይቆይ። መድኃኒቱ ጉሮሮው ላይ መረረኝ ቢልሽ ደስ ይበልሽ። ጆሮውን አልፎ በዚያ ቱቦ ወርዷል ማለት ነው።

ስለ ጤና አዳሙ። እናትሽን አትቆጪያቸው። እሳቸው የሚያውቁትን፣ እናታቸው ያሳዩዋቸውን ነው ያደረጉት። እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ የልጁ ታምቡር ቀዳዳ አለው። የሚጨመረው ሁሉ ወደ ውስጥ ያልፋል፤ ዶክተሩ ምንም አይግባበት ብሏል።» ጤና አዳሙ ለቡናው ይሁን። ዘይቱ፣ የጡት ወተቱ፣ የቅጠል ጭማቂው፣ ሌላም ካለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ይቁም። የማድረቁን ሥራ ደግሞ ለእሳቸው አስተምሪያቸው። አያት ለልጅ ልጇ ጊዜም ትዕግሥትም አላት። እኔ ካየኋቸው ጆሮ አድራቂዎች ጎበዞቹ አያቶች ናቸው።

ውሃው ላይም ጠንካራ መሆን አለብሽ። ወንዝ ወርዶ መዋኘት ለአሁኑ ይቅር። ከብት ጥበቃ የሚሄድ ከሆነ ጓደኞቹ ሲገቡ እሱ ዳር ላይ መቀመጡ እንደሚከብደው አውቃለሁ፤ ግን ምክንያቱን ንገሪው፤ የ7 ዓመት ልጅ ይገባዋል። ሲታጠብ ጥጥ ወስደሽ ቫዝሊን ቀቢና የጆሮውን ቀዳዳ ግጠሚበት። ታጥቦ እንደጨረሰ ጥጡን አውጥተሽ ጣይ። ቀኑን ሙሉ ጥጥ ወትፎ መዋል ግን ጥሩ አይደለም፤ መግሉን ውስጥ ያፍነዋል። ጠበል ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ጠበሉን ተዪ አልልሽም። ሲጠመቅም፣ የጥምቀት ለት ሲረጭም፣ ያው ቫዝሊን የነካው ጥጥ ጆሮው ላይ ይሁን። ለካህኑም ብትነግሪያቸው ይረዱሻል።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። ጆሮ በክብሪት እንጨት፣ በጸጉር ሽቦ፣ በቁልፍ አይጸዳም። ኩኩ ቆሻሻ ሳይሆን የጆሮ መከላከያ ነው፤ በጊዜው ራሱ ወደ ውጭ ይወጣል። ሌሊት ነፍሳት ገብቶበት ለሚጮህ ልጅ ለብ ያለ የምግብ ዘይት ጠብ ማድረግ ይቻላል፤ ነፍሳቱን ይገድለዋል፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ ይወጣለታል። ይህ ግን ታምቡሩ ደህና ለሆነ ልጅ ነው፤ ላንቺ ልጅ ግራ ጆሮ አይሆንም። ሽንብራ ወይም ባቄላ የከተተ ልጅ ጆሮ ውስጥ ደግሞ ውሃ አይጨመርም። እህሉ ውሃ ጠጥቶ ያብጥና ይቀረቀራል። የሰዓት ወይም የመጫወቻ ክብ ባትሪ ጆሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ከገባ ግን በሰዓታት ውስጥ ሥጋውን ያቃጥላልና በዚያው ቀን መውጣት አለበት።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ጆሮው በጠብታ ከደረቀ ስፔሻሊስት ለምን አስፈለገ?

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ማንም የራሱን ጆሮ ውስጥ አያይም። እናትም የምታየው ወደ ውጭ የወጣውን ብቻ ነው። ቀዳዳው የት ላይ እንደሆነ ነው ዋናው ነገር። ታምቡሩ መሀል ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጣጣው መግልና የመስማት መቀነስ ነው። ጠርዝ ላይ ወይም ከላይ በኩል ከሆነ ግን የውጩ ቆዳ በዚያ ገብቶ ውስጥ ማደግ ይጀምራል። ኮሌስቴአቶማ እንለዋለን። ካንሰር አይደለም። ግን እየተደራረበ ያድጋል፣ አጠገቡ ያለውን አጥንትም ይበላል። የዚያ የ11 ዓመት ልጅ ችግር እሱ ነበር። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ክፉ ሽታ ነው፤ መግሉ ትንሽ ሆኖ ሽታው ግን ክፍሉን ይሞላዋል። በጠብታ አይድንም፤ መፍትሔው ቀዶ ሕክምና ነው፤ ዕድሜም አይጠበቅለትም። ይህ አለ ወይስ የለም የሚለውን መለየት የሚቻለው ጆሮው ተጸድቶ በመሣሪያ ሲታይ ብቻ ነው።

ስፔሻሊስቱ ዘንድ ምን እንደሚደረግ ልንገርሽ፤ ልጁም አስቀድሞ ቢያውቀው አይፈራም። መጀመሪያ ይጠይቅሻል። ቀጥሎ ጆሮውን ያያል፤ ደህነኛውንም ጭምር። መግል ካለ በቀጭን መምጠጫ ይመጠጣል። አያምም፤ ግን ድምፁ ጆሮ ውስጥ በጣም ይጮኻል፣ ትንሽም ሊያዞረው ይችላል። «መኪና ሲጮኽ ትሰማለህ፣ እናትህ እጅህን ትይዛለች» በይው። ከዚያ የአፍንጫውና የጉሮሮው ተራ ነው። በመጨረሻ የመስማት ምርመራ ይደረጋል። የ7 ዓመት ልጅ ለዚህ ጎበዝ ነው። የጆሮ ማዳመጫ ይደረግለታል፤ ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን ያነሳል። አጥንቱ ተነክቷል ተብሎ ከተጠረጠረ ሲቲ ስካን ሊታዘዝ ይችላል።

ቀዳዳው መሀል ላይ ከሆነና ጆሮው ደርቆ ከቆየ ታምቡሩን በቀዶ ሕክምና መጠገን ይቻላል። ከጆሮው በላይ ካለው ጡንቻ ላይ ስስ ልባስ ተወስዶ ቀዳዳው ይለጠፋል። ብዙዎቻችን ልጁ ከ8 እስከ 10 ዓመት ገደማ እስኪሆነው መጠበቅ እንመርጣለን፤ ያ ቱቦ እስኪበስል ነው። ዛሬ መሄድሽ ዛሬውኑ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል ማለት እንዳይመስልሽ። የሚጠበቅ ከሆነ በባለሙያ ዓይን ሥር ይጠበቅ።

ወጪውና መንገዱ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል ከሆናችሁ የዓመቱ መዋጮ መታደሱን አረጋግጪ። ከዚያ ከጤና ጣቢያ ተነሺ። ጤና ጣቢያው ወደ ወረዳው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ሆስፒታሉ ደግሞ ከሱ በላይ ወዳለው ሆስፒታል ሪፈር ይጽፍልሻል። ደረጃውን ዘለሽ በቀጥታ ከሄድሽ መድህኑ ሙሉ ወጪውን ላይሸፍንልሽ ይችላል። ሪፈር ሲጻፍልሽ የጆሮ ስፔሻሊስት በዚያ ሰሞን ደብረ ማርቆስ መኖሩን በስልክ አጣርተው እንዲነግሩሽ ለምኚያቸው። ከሌለ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ነው። በባዶ መመላለስ ነው ሰውን ተስፋ የሚያስቆርጠው። መንገዱን በተመለከተ የሰሞኑን ሁኔታ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ደህና በሆነ ሳምንት ሂዱ፣ ማድረቁን ግን አታቋርጪ።

ስትሄጂ ሪፈር ወረቀቱን፣ እስካሁን የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ባዶ ካርቶንና ጠርሙስ ያዢ። «ነጩ ፍሬ» ማለት ለእኛ ምንም አይነግረንም። ጆሮው እየፈሰሰ ቢሆንም ሂዱ። ካርድ ስታወጪ እህቱንም አብረሽ አስመዝግቢ፤ በአንድ መንገድ ሁለቱም ይታያሉ።

ስለ ትንሿ ልጅ አሁን። እንጥሏን ማንም እንዳይነካት። ይህን በእግዚአብሔር ስም እለምንሻለሁ። ሳልና ማስመለስ፣ የጡት እምቢታ፣ የጉሮሮ ሕመም የእንጥል ጥፋት አይደለም። በአገራችን ስንት ሕፃን ያለ ጥፋቱ ተቆርጧል። ልጅ ደሙን ስለሚውጠው ምን ያህል እንደደማ አይታወቅም፤ ሲታወቅ ነጥቶ ደክሞ ነው። ምላጩ ደግሞ ቴታነስ፣ የጉበት ቫይረስ ወይም ኤች አይ ቪ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ተቆርጦም ማንኮራፋቷ አይቆምም፤ ምክንያቱ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አፍን ከፍቶ መተኛትና ማንኮራፋት በዚህ ዕድሜ ብዙ ጊዜ የአዴኖይድ ነገር ነው። አዴኖይድ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ከእንጥል በላይ የተደበቀ ሥጋ ነው፤ እንደ ቶንሲል ያለ። አፍ ተከፍቶ በባትሪ አይታይም። ሲያብጥ አፍንጫን ይዘጋል። ያ የነገርኩሽ ቱቦ የሚከፈተውም እዚያው አጠገቡ ነውና ጆሮንም ይዘጋል። የልጅሽም ጆሮ በዚያ ዕድሜው በዚህ መንገድ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የእሷን አሁን ማየቱ ለዚህ ነው ጠቃሚ የሚሆነው። አዴኖይድ ልጅ ሲጎረምስ እየሟሸሸ የሚሄድ ነገር ነው፤ «ሲያድግ ይተወዋል» ለእሱ ይሠራል። ሆኖም ማታ ተኝታ ሳለች ቁጭ ብለሽ ተመልከቻት። ማንኮራፋቷ ድንገት ጸጥ ብሎ፣ ትንፋሿ ጥቂት ሰከንድ ቆሞ፣ እንደ ደነገጠ ሰው ብንን ብላ መልሳ ከተነፈሰች ንገሪን። ስልክ ካለሽ ቅረጪው። ያ ቪዲዮ ለእኛ ከብዙ ጥያቄ ይሻላል። እንዲህ ካለ አይጠበቅም፤ በቀዶ ሕክምና ይወጣል።

አንድ ነገር ደግሞ እይ። ንፍጧ በአንዱ አፍንጫ ብቻ ከሆነና የሚሸት ከሆነ አንድ ነገር ከታበት ይሆናል፤ የልብስ ቁልፍ፣ ስፖንጅ፣ እህል። በኛ አገር ደግሞ ምንጭና ኩሬ በሚጠጣበት ቦታ አልቅትም አለ። አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ቀናት ይቀመጣል። ልጁ ያለ ምክንያት ይነስረዋል፣ ወይም ደም ይተፋል፣ «የሚንቀሳቀስ ነገር አለ» ይላል። በእጅ ለመጎተት አትሞክሩ፤ ማደንዘዣ ሲነካው ይለቃል፣ በመያዣም ይወጣል። ለማንኛውም ነስር ደግሞ ራስን ወደ ኋላ ማንጋለል አይደለም። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ዘንበል ማለት፣ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣት ግጥም አድርጎ ሳይለቁ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መያዝ ነው።

የሁለቱንም የክትባት ካርድ እይው። የሳንባ ምች መከላከያው ክትባት፣ ፒሲቪ የሚባለው፣ በአገራችን በ2004 ዓ.ም. ነው የተጀመረው፤ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይሰጣል። የጆሮ መግል ከሚያመጡት ተሐዋስያን አንዱን ይከላከላል። ሌላ ልጅ ከወለድሽ እንዳያመልጥሽ። የማድቤት ጢስም የልጅ ጆሮ ጠላት ነው። እንጀራ ስትጋግሪ ልጆቹ ከጢሱ ራቅ ብለው ይቀመጡ።

የመምህሩ ነገር ግን እስከ ባሕር ዳር አይቆይም። ሰኞ ትምህርት ቤት ሂጂ። «ልጄ ፈዛዛ አይደለም፣ ግራ ጆሮው በደንብ አይሰማም» ብለሽ ንገሪው። ታምቡር ሲቀደድ ድምፅ ወደ ውስጥ የሚያሳልፉት ሦስት ጥቃቅን አጥንቶችም ሊጎዱ ይችላሉ። ከሦስቱ ትንሿ የፈረስ እርካብ ትመስላለች፤ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት፣ ከአንዲት ፍሬ ምስር አትበልጥም። እሷ ካልተነቃነቀች ድምፅ እንደ ሩቅ ሆኖ ነው የሚሰማው። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ከኋላ የተቀመጠ እንዲህ ያለ ልጅ የሚሰማው ጉርምርምታ ብቻ ነው። ስለዚህ ከፊተኛው ወንበር በግራ በኩል ባለው ጫፍ ይቀመጥ። ያን ጊዜ ደህናው ቀኝ ጆሮው ወደ መምህሩና ወደ ክፍሉ ይዞራል። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ሳይሆን ፊቱን ወደ ልጁ አድርጎ ይናገር። ቤትም ስትጠሩት ከኋላው አትጩኹበት፤ በቀኙ ቅረቡት።

ጠብታውን የጀመራችሁበትን ቀን ግድግዳው ላይ ጻፊው። በ15ኛው ቀን ጠዋት አንድ ደረቅ ጨርቅ አስገብተሽ እይ፤ ደርቆ ወይም ረጥቦ እንደወጣ ጻፊልኝ። ደርቆ ከወጣ ሪፈሩን ይዘሽ ረጋ ብለሽ ትሄጃለሽ። ረጥቦ ከወጣ ወይም ከሸተተ ግን ያንን ሳምንት አታሳልፊው።